በፍርድ ቤት የጸደቀ የእርቅ ስምምነት ሲጣስ፦ ከውሳኔው ግልባጭ እስከ አፈጻጸም መዝገብ

በፍትሐ ብሔር ክርክር ተከራካሪዎች ታርቀው፣ ስምምነታቸውን ለችሎት አቅርበው፣ መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ አንደኛው ወገን የገባውን ግዴታ ሳይፈጽም ሲቀር ሌላኛው ወገን በቅድሚያ የሚያስበው አዲስ ክስ ስለ መመሥረት ነው። አንዳንዱ ደግሞ «እርቁ ከፈረሰማ ወደ ነበርንበት እንመለስ» በማለት የተዘጋው መዝገብ ተከፍቶ የቀድሞው ክርክር እንዲቀጥልለት ያመለክታል። ሁለቱም መንገዶች በአብዛኛው ጊዜና ገንዘብ ከማባከን ያለፈ ውጤት የላቸውም። ፍርድ ቤት ያጸደቀው የእርቅ ስምምነት እንደ ማንኛውም ፍርድ የሚፈጸም በመሆኑ፣ ግዴታው ያልተፈጸመለት ሰው የሚያስፈልገው አዲስ ፍርድ ሳይሆን በእጁ ያለውን ማስፈጸም ነው። ይህ የሚሆነው ግን ፍርድ ቤቱ ስምምነቱን በእርግጥ አጽድቆት ከሆነ ነው፤ ተከራካሪዎቹ መታረቃቸውን ሰምቶ መዝገቡን መዝጋቱ ብቻውን ስምምነቱን እንደ ማጽደቅ አይቆጠርም። የብዙ ሰው ችግር የሚጀምረውም እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ አድርጎ ከማየት ነው።

የትእዛዙን የመጨረሻ መስመሮች ያንብቡ

ስለዚህ ጠበቃ ዘንድ ከመሄድም ሆነ አቤቱታ ከመጻፍ በፊት መዝገቡ ካለበት ፍርድ ቤት የውሳኔውን ትክክለኛ ግልባጭ በማኅተም ተረጋግጦ እንዲሰጥዎ ያድርጉ። በእጅዎ ያለው ፎቶ ኮፒ ለማንበብ ይበቃ ይሆናል፣ ለአፈጻጸም ግን አይበቃም። ግልባጩን ካገኙ በኋላ የክርክሩን ታሪክ የሚተርከውን ክፍል አልፈው «ትእዛዝ» ከሚለው ቃል በታች ያለውን ይመልከቱ። ስምምነቱ የጸደቀ ከሆነ በተለምዶ የሚከተለውን የመሰለ ዐረፍተ ነገር ያገኛሉ፦ «ግራ ቀኙ ያደረጉት የእርቅ ስምምነት ለሕግና ለሞራል ተቃራኒ ሆኖ ስላልተገኘ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 274 እና 277 መሠረት ጸድቋል፤ መዝገቡ ተዘግቶ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ።» በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ዋናው ቃል «ጸድቋል» የሚለው ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 274 እስከ 277 ባሉት ድንጋጌዎች ተከራካሪዎች ክርክራቸውን በማንኛውም ጊዜ፣ በችሎትም ሆነ ከችሎት ውጭ፣ በከፊልም ሆነ በሙሉ በእርቅ እንዲጨርሱ ይፈቅዳል፤ የፍርድ ቤቱ ሥራ የስምምነቱ ይዘት ሕግንና መልካም ሥነ ምግባርን የማይቃረን መሆኑን ማረጋገጥ ነው።

ትእዛዙ የሚለው «ከሳሽ ከተከሳሽ ጋር ከፍርድ ቤት ውጭ ታርቀናል በማለት ክሱን ለማንሣት ስለጠየቀ መዝገቡ ተዘግቷል» ብቻ ከሆነ ግን ሁኔታው ይለያል። እዚህ ላይ ፍርድ ቤቱ የስምምነቱን ይዘት አላየም፣ የመዘገበውም ነገር የለም፤ ስለሆነም የሚፈጸም ፍርድ የለም። በኪስዎ ያለው ወረቀት ውል ነው። እንዲህ ያለው ውል ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3307 እና ተከታዮቹ ግልግልን፣ ማለትም ተከራካሪዎች ራሳቸው ተስማምተው ጠባቸውን የሚጨርሱበትን ስምምነት፣ ራሱን የቻለ ውል አድርጎ የሚያውቀው ሲሆን፣ በቁጥር 3312 ደግሞ ስምምነቱ በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ያህል እንደሚጸና ይደነግጋል። የሚያስከትለው ተግባራዊ ልዩነት አንድ ነው፦ ይህን ውል ይዞ በቀጥታ አፈጻጸም መጠየቅ አይቻልም፤ በስምምነቱ መሠረት ይፈጸምልኝ የሚል አዲስ ክስ አቅርቦ መጀመሪያ ፍርድ ማግኘት ያስፈልጋል። ክሱም የቀድሞውን ጠብ እንደገና የሚተርክ ሳይሆን በእርቁ የተገባው ግዴታ አለመፈጸሙን የሚያስረዳ ሊሆን ይገባል። ከሳሹ የቀድሞውን ጠብ መተረክ ከጀመረ ተከሳሹ ያ ጉዳይ በእርቅ ያለቀ ነው ብሎ የእርቁን ወረቀት ራሱን እንደ መከላከያ ያቀርብበታል።

ሦስተኛው ዓይነት ሁኔታ በሁለቱ መካከል የሚገኝ ነው። ትእዛዙ «ስምምነቱ ጸድቋል» ይላል፤ ነገር ግን ዝርዝሩን ሳይገለብጥ «ከመዝገቡ ጋር በተያያዘው ስምምነት መሠረት» ብሎ ያልፈዋል። በዚህ ጊዜ የትእዛዙ ግልባጭ ብቻውን ለአፈጻጸም ችሎት ማን ምን እንደሚከፍል አይነግረውም። የተያያዘው ስምምነትም በፍርድ ቤቱ ማኅተም ተረጋግጦ አብሮ እንዲሰጥ መጠየቅ ይገባል። ከዚሁ ጋር ስሞችን፣ የመዝገብ ቁጥሩንና የገንዘብ መጠኑን በፊደልም በአኃዝም አነጻጽሮ ማየት ጠቃሚ ነው፤ በግልባጩ ላይ የአባት ስም በአንድ ፊደል ስለተሳሳተ ብቻ ባንክ የፍርድ ቤትን የዕግድ ደብዳቤ «ይህ ደንበኛ የለንም» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። የጽሕፈትና የሒሳብ ስሕተት ውሳኔውን በሰጠው ችሎት ሊታረም ስለሚችል እርማቱን አፈጻጸም ከመክፈት በፊት ማስጨረስ ይቀላል።

እርቁ የተገኘው በአስማሚ ወይም በአስታራቂ አማካይነት ከሆነም ጥያቄው ያው ነው። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት በፍርድ ቤት መር አስማሚነት የተደረሰ ስምምነት ወደ መራው ችሎት ተመልሶ ሲጸድቅ ከላይ ከተገለጸው የመጀመሪያ ዓይነት ጋር ይመደባል። ከፍርድ ቤት ውጭ በአስታራቂ የተደረገ እርቅን በሚመለከት ደግሞ የግልግል ዳኝነትና የእርቅ አሠራር አዋጅ ቁጥር 1237/2013 የፍትሐ ብሔር ሕጉን የቀድሞ የማስታረቅና የግልግል ዳኝነት ድንጋጌዎች ስለተካ አሮጌዎቹን ቁጥሮች ጠቅሶ አቤቱታ መጻፍ ትክክል አይደለም።

ጥሰቱ ደርሷል ወይ?

ግዴታው መቼ መፈጸም እንዳለበትና ማን ቀድሞ መፈጸም እንዳለበት ሳይጣራ «ስምምነቱን ጥሷል» ማለት አይቻልም። ብዙ የእርቅ ስምምነቶች የሁለት ወገን ግዴታ ይይዛሉ፦ አንዱ ገንዘብ ይከፍላል፣ ሌላው ቤቱን ለቆ ቁልፉን ያስረክባል ወይም ያስያዘውን ዕግድ ያስነሣል። የራስዎን ድርሻ ሳይፈጽሙ ወይም ለመፈጸም ዝግጁ መሆንዎን ሳያሳዩ ለአፈጻጸም ቢቀርቡ፣ የመጀመሪያው መልስ «እሱ ራሱ አልፈጸመም» የሚል እንደሚሆን አይጠራጠሩ። ስለዚህ ያስረከቡትን በርክክብ ሰነድ፣ የከፈሉትን በባንክ ማስረጃ፣ ያመለከቱትን በደብዳቤ ግልባጭ ያዘጋጁ።

በየጊዜው የሚከፈል ዕዳ ላይ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንበልና ተከሳሹ 600,000 ብር በስድስት ወር፣ በየወሩ 100,000 ብር እየከፈለ ለመጨረስ ተስማምቷል፤ ሁለቱን ከፍሎ ሦስተኛውን አስቀረ። ባለመብቱ የቀረውን 400,000 ብር በሙሉ በአንድ ጊዜ ሊጠይቅ ይችላል ወይ? መልሱ የሚገኘው በስምምነቱ ውስጥ «ከክፍያዎቹ አንዱን በጊዜው ካልከፈለ ቀሪው ዕዳ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይከፈላል» የሚል ዐረፍተ ነገር መኖሩን ወይም አለመኖሩን በማየት ነው። ካለ 400,000 ብር ይጠየቃል። ከሌለ ዛሬ ሊፈጸም የሚችለው ጊዜው የደረሰው 100,000 ብር ብቻ ሲሆን፣ ተከታዮቹ ክፍያዎች ጊዜያቸው በደረሰ ቁጥር በዚያው የአፈጻጸም መዝገብ ላይ እንዲጨመሩ ማመልከት ያስፈልጋል። የአፈጻጸም ችሎት ፍርዱን እንዳለ ከመፈጸም በቀር ሊጨምርበትም ሊቀንስበትም አይችልም፤ ይህን አለማወቅ ከአቤቱታዎች መመለስ ምክንያቶች አንዱ ነው። እርቅ ገና በመዋዋል ላይ ያለ አንባቢ ካለ ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ሳያስገባ እንዳይፈርም እመክራለሁ። በልማድ በየውላችን መጨረሻ ላይ «በቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው» ከሚለው መስመር ይልቅ በችግር ቀን የሚጠቅመው እሱ ነው።

በዚሁ ረገድ «ተከሳሽ ለከሳሽ ተገቢውን ድርሻ ያካፍላል» ወይም «ጉዳዩን በመግባባት ይጨርሳሉ» የሚሉ ዐረፍተ ነገሮች ለአፈጻጸም አይመቹም። ተገቢው ድርሻ ስንት እንደሆነ የአፈጻጸም ዳኛው ከራሱ ሊወስን አይችልም። ስምምነትዎ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ካለው ሌላውን ወገን ጠርቶ ዝርዝሩን በጽሑፍ አሟልቶ ማስጸደቅ፣ ካልሆነም በዚያ ነጥብ ላይ አዲስ ክስ ማቅረብ ብቻ ነው የሚቀረው።

ስለ ማስጠንቀቂያና ስለ ተጨማሪ ጊዜ

በጸደቀ ስምምነት ላይ አፈጻጸም ለመጠየቅ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት ግዴታ አይደለም። ይሁን እንጂ አጭር ደብዳቤ መጻፍ ጥሩ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አንዳንዱ ባለዕዳ በእርግጥ ቀኑን ረስቶ ወይም ገንዘቡ ለጥቂት ቀናት ዘግይቶበት ሊሆን ይችላል፣ ሌላው ደግሞ ደብዳቤውን ሲያይ ነገሩ ወደ አፈጻጸም እየሄደ መሆኑን ይረዳል። ደብዳቤው ስድብም ታሪክም አያስፈልገውም፦ «በመዝገብ ቁጥር … በጸደቀው ስምምነት ተራ ቁጥር 3 መሠረት እስከ … ቀን ሊከፍሉ የሚገባው 100,000 ብር እስካሁን ያልተከፈለ ስለሆነ ይህ ደብዳቤ ከደረሰዎ ጀምሮ በ10 ቀን ውስጥ እንዲከፍሉ፣ ይህ ካልሆነ ግን በፍርድ አፈጻጸም የምጠይቅ መሆኔን አስታውቃለሁ» የሚል ይበቃል። ደብዳቤው በሪኮማንዴ ተልኮ ደረሰኙ ይያዝ፣ ወይም በእጅ ተሰጥቶ በግልባጩ ላይ ያስፈርሙ። ያልጸደቀው፣ ውል ብቻ የሆነው ስምምነት ላይ ግን ማስጠንቀቂያው ክብደት አለው፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1772 ውል ያልተፈጸመለት ወገን በመርህ ደረጃ ባለዕዳውን እንዲያስጠነቅቅ ይጠይቃል፣ ማስጠንቀቂያ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ደግሞ ቁጥር 1775 ይዘረዝራቸዋል።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው ባለዕዳው ተጨማሪ ጊዜ ሲጠይቅ በርኅራኄ የሚፈረመው አዲስ ወረቀት ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቡና ተጠጥቶ፣ «የቀድሞው ስምምነት ቀርቶ በዚህ ተተክቷል» የሚል አንድ ገጽ ይጻፋል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1826 ጀምሮ እንደተመለከተው አንድ ግዴታ በሌላ ሲተካ የቀድሞው ይቀራል፤ እናም ባለመብቱ ማኅተም ያረፈበትን ፍርድ በተራ ውል ለውጦ ያገኘዋል። ጊዜ መስጠት ከፈለጉ ይስጡ፣ ነገር ግን ወረቀቱ ላይ የጸደቀው ስምምነት እንደጸና መሆኑ፣ የተራዘመው የመክፈያው ቀን ብቻ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ፤ የተሻለው ደግሞ ሁለታችሁም ፈርማችሁ ለፍርድ ቤቱ ማቅረብ ነው። በሌላ በኩል ትዕግሥት አልቆ ግቢውን መቆለፍ፣ መኪናውን ይዞ መሄድ፣ ዕቃ ማስወጣት የባለመብቱን ቦታ ወደ ተከሳሽነት ይለውጠዋል። ፍርድ የሚያስፈጽመው ፍርድ ቤት ነው።

የአፈጻጸም አቤቱታው

ፍርድ የሚፈጸመው ፍርዱን በሰጠው ፍርድ ቤት ወይም እሱ በውክልና በሚልክለት ፍርድ ቤት ነው። የባለዕዳው ንብረት በሌላ ከተማ ወይም በሌላ ክልል ቢሆንም አቤቱታው የሚጀምረው ስምምነቱን ካጸደቀው ፍርድ ቤት ነው፤ ከዚያ በኋላ አፈጻጸሙ ንብረቱ ወዳለበት ፍርድ ቤት እንዲላክ ይጠየቃል። አቤቱታው ሲቀርብ የራሱ የአፈጻጸም መዝገብ ቁጥር ይከፈትለታል፣ የተከራካሪዎቹም መጠሪያ ይለወጣል፦ የቀድሞው ከሳሽ የፍርድ ባለመብት ወይም የአፈጻጸም ከሳሽ፣ የቀድሞው ተከሳሽ የፍርድ ባለዕዳ ወይም የአፈጻጸም ተከሳሽ ይባላል። እርቁ ለተከሳሹ የሚጠቅም ግዴታ በከሳሹ ላይ ጥሎ ከሆነ ደግሞ ቦታቸው ይገላበጣል።

የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 378 በአቤቱታው ውስጥ ሊኖር የሚገባውን ይዘረዝራል፦ የመዝገቡ ቁጥር፣ የተከራካሪዎቹ ስም፣ የፍርዱ ቀን፣ ይግባኝ ተብሎበት እንደሆነ፣ ከፍርዱ በኋላ የተከፈለ ወይም በስምምነት የተለወጠ ነገር ካለ፣ ከዚህ በፊት አፈጻጸም ተጠይቆ ከነበረ ውጤቱ፣ አሁን የሚፈለገው መጠን፣ የሚፈጸምበት ሰው ማንነት፣ እና ፍርድ ቤቱ በምን መንገድ እንዲረዳ እንደሚፈለግ። ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ ላይ ማተኮር ይገባል። የመጀመሪያው የተከፈለውን በሐቀኝነት መግለጽ ነው። ባለዕዳው 200,000 ብር ከፍሎ ሳለ አቤቱታው ስለዚህ ዝም ካለ፣ ባለዕዳው የባንክ ደረሰኙን ይዞ ሲቀርብ የባለመብቱ ቃል በሙሉ በጥርጣሬ መታየት ይጀምራል፤ አቤቱታው በቁጥር 92 መሠረት በእውነተኛነቱ ተረጋግጦ የሚቀርብ መሆኑም አይዘነጋ። ሁለተኛው የእርዳታው ዓይነት ነው። «ይፈጸምልኝ» ብሎ መተው አይበቃም። ሒሳብ ይታገድ፣ ቤት ተከብሮ በሐራጅ ይሸጥ፣ ደመወዝ ይቆረጥ፣ ቤት ተለቆ ይሰጥ፣ አጥር ይፍረስ፣ ከእነዚህ የትኛው እንደሚፈለግ በስሙ ይጠራ።

አቤቱታው ከቀረበ በኋላ በተለምዶ ለባለዕዳው መጥሪያ ይደርሰዋል፣ ለምን እንደማይፈጽምም መልስ እንዲሰጥ ይታዘዛል። መጥሪያው እስኪደርስ ባለዕዳው ንብረቱን ያሸሻል የሚል በማስረጃ የተደገፈ ሥጋት ካለ፣ ዕግዱ አስቀድሞ እንዲሰጥ በቃለ መሐላ ተደግፎ በአቤቱታው ላይ ሊጠየቅ ይገባል።

ገንዘብ የሚከፈልበትን ንብረት ማግኘት

አፈጻጸም የሚዘገየው በአብዛኛው በሕጉ ሳይሆን በንብረት አለመታወቅ ነው። ባለዕዳው የት ባንክ ሒሳብ እንዳለው፣ ቤቱ በማን ስም እንደሆነ፣ መኪናው በየትኛው የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት እንደተመዘገበ ማሳየት በተግባር የባለመብቱ ሥራ ሆኖ ይቀራል። ባለመብቱ ስለ ንብረቱ ምንም የማያውቅ ከሆነ ባለዕዳው ችሎት ቀርቦ ስላለው ንብረትና ሌሎች ሰዎች ስለሚከፍሉት ዕዳ በቃል እንዲጠየቅ ሕጉ በቁጥር 386 መንገድ ከፍቷል፤ ይህ መንገድ ከሚገባው በታች ይሠራበታል። ፍርድ ቤቱ ለባንኮች፣ ለይዞታ አስተዳደርና ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤ እንዲጽፍም ማመልከት ይቻላል፤ ደብዳቤውን እየተከታተሉ መልሱ ከመዝገቡ ጋር መያያዙን በየቀጠሮው ማየት ግን የባለመብቱ ድርሻ ነው።

እዚህ ላይ ከድካሙ በፊት መጠየቅ ያለበት የትኛው ንብረት በፍጥነት ገንዘብ እንደሚሆን ነው። የባንክ ሒሳብ ውስጥ ያለ ገንዘብ ቀላሉ ነው። ቋሚ ደመወዝ ያለው ባለዕዳ ከሆነ ፍርድ ቤቱ አሠሪው እየቆረጠ እንዲያስገባ ያዛል፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛው ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ስለተደነገገ፣ ትልቅ ዕዳ በዚህ መንገድ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ቤት ወይም መኪና ከሆነ ይከበራል፣ ይገመታል፣ ማስታወቂያ ወጥቶ በሐራጅ ይሸጣል፤ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ይህን የሚያካሂደው የፍርድ አፈጻጸም ክፍሉ ነው። ሊከበሩ የማይችሉ ንብረቶችንም ማወቅ ያስፈልጋል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 404 ለባለዕዳውና ለቤተሰቡ የዕለት ኑሮ የሚያስፈልጉ ልብሶችን፣ የምግብ ማብሰያ ዕቃዎችን፣ የገበሬውን የእርሻ መሣሪያና የእጅ ባለሙያውን የሥራ መሣሪያ ከመከበር ያድናቸዋል። ብድር ለማስመለስ የልብስ ሰፊውን የስፌት መኪና ላስከብር ብሎ መነሣት ቀጠሮ ማባከን ነው።

የተከበረው ንብረት የእኔ ነው የሚል ሦስተኛ ወገን ሊመጣ ይችላል፣ ብዙ ጊዜም ይመጣል፦ ሚስት የጋራ ንብረት ነው ትላለች፣ ወንድም ገዝቼዋለሁ ይላል። አቤቱታው በቁጥር 418 መሠረት ተጣርቶ ይወሰናል፤ ባለመብቱ ለዚህ የሚዘጋጀው ንብረቱ በተከበረበት ቀን በማን ስምና በማን እጅ እንደነበረ በማስረጃ በመያዝ ነው። ሽያጩ ወይም ስጦታው ከእርቁ በኋላ ባለመብቱን ለመጉዳት የተደረገ ከሆነ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1995 መሠረት ባለዕዳው የፈጸመውን ተግባር ለመቃወም ክስ ማቅረብ ይቻላል፣ ያ ግን ራሱን የቻለ ክርክር ነው።

ግዴታው ገንዘብ ሳይሆን ሲቀር

አጥር ለማፍረስ፣ መንገድ ለመክፈት፣ ቤት ለመልቀቅ፣ ሊብሬ ወይም የቤት ካርታ ለማዛወር የተገባ ግዴታ የሚፈጸመው በተለየ መንገድ ነው። ቤት ለመልቀቅ የተስማማ ሰው ሳይለቅ ከቀረ ፍርድ ቤቱ በአፈጻጸም ሠራተኛ፣ ሲያስፈልግም በፖሊስ እገዛ እንዲለቅ ያደርጋል። ስም ለማዛወር ፈርሞ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያልቀረበ ባለዕዳ ደግሞ እስኪቀርብ መለመን አያስፈልግም፤ ጸድቆ የተመዘገበውን ስምምነት መሠረት አድርጎ ፍርድ ቤቱ ለመሥሪያ ቤቱ ስሙ እንዲዛወር ትእዛዝ እንዲጽፍ ይጠየቃል። በእርግጥ ግብርና የአገልግሎት ክፍያ ማን እንደሚከፍል ስምምነቱ ካልተናገረ መሥሪያ ቤቱ እዚያው ያቆመዋል።

አጥሩን በሚመለከት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቃሚ መሣሪያ አስቀምጧል። በቁጥር 1777 መሠረት ባለዕዳው ሊሠራው የተስማማውን ሥራ ባለመብቱ በባለዕዳው ወጪ ራሱ እንዲሠራ ወይም እንዲያሠራ፣ በዚሁ ቁጥር ንዑስ ቁጥር 2 መሠረት ደግሞ ከግዴታው ውጭ የተሠራውን በባለዕዳው ወጪ እንዲያፈርስ ሊፈቀድለት ይችላል። ስለዚህ «አጥሩን ያፍርስልኝ» ከሚለው ጥያቄ ጎን «ይህ ካልሆነ እኔ በእሱ ወጪ እንዳፈርስ ይፈቀድልኝ» የሚል አማራጭ ማስገባትና የባለሙያ የወጪ ግምት ማያያዝ ባለዕዳው እጁን አጣጥፎ በመቀመጥ የሚያገኘውን ጥቅም ያሳጣዋል። ፈቃዱ ከመገኘቱ በፊት ግን መዶሻ ማንሣት አይገባም።

የፍቺ ውጤትን በተመለከተ የጸደቀ ስምምነትም የንብረት ክፍፍሉ በዚሁ አኳኋን ይፈጸማል። ስለ ልጆች አስተዳደግና ቀለብ የተደረገው ግን የተለየ ጸባይ አለው፤ ሁኔታዎች ሲለወጡና የልጁ ጥቅም ሲጠይቅ እንዲሻሻል ማመልከት ስለሚቻል፣ ቀለብ ሲቋረጥ የተጠራቀመውን በአፈጻጸም መጠየቅና የወደፊቱ መጠን እንዲሻሻል ማመልከት ሁለት የተለያዩ አቤቱታዎች መሆናቸውን መለየት ያስፈልጋል። የቀለቡ መቋረጥ ልጁን እንዳያይ ለመከልከል፣ የጉብኝቱ መከልከልም ቀለብ ለማቋረጥ ምክንያት ተደርጎ መቅረብ የለበትም።

ባለዕዳው የሚያነሣቸው መልሶች

ከመልሶች ሁሉ የተለመደው «አቅም የለኝም» ነው። አቅም ማጣት ዕዳውን አያስቀረውም፤ የሚያስከትለው ክርክር ምን ንብረት አለ የሚል ነው። ሁለተኛው «ከፍያለሁ» የሚለው ሲሆን እዚህ ላይ የእጅ በእጅ ክፍያ ለሁለቱም ወገን ጠንቅ ነው፤ ባለመብትም ቢሆኑ የተቀበሉትን ሁሉ በደረሰኝ ይቀበሉ፣ በመዝገቡም ያስመዝግቡ። ሦስተኛው «ተታልዬ ወይም ተገድጄ ነው የፈረምኩት» የሚለው ነው። ይህ ክርክር የአፈጻጸም ችሎት የሚያየው አይደለም፣ የጸደቀን ስምምነት በአፈጻጸም መልስ ማፍረስም አይቻልም፤ የፈቃድ ጉድለት ያለበት ውል እንዲፈርስ የሚቀርብ ክስም ቢሆን በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1810 የሁለት ዓመት ገደብ አለበት። በዳኛ ፊት ተነብቦለት የፈረመ ሰው ደግሞ ይህን ማስረዳት በጣም ይከብደዋል።

አራተኛው የይርጋ መቃወሚያ ነው። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 384 መሠረት ፍርዱ ከተሰጠበት፣ ወይም ክፍያው ወይም ርክክቡ በተወሰነ ቀን እንዲሆን ታዝዞ ከሆነ ባለዕዳው ካጓደለበት ቀን ጀምሮ 10 ዓመት ካለፈ በኋላ የሚቀርብ የአፈጻጸም ጥያቄ ተቀባይነት የለውም። 10 ዓመት ረጅም ይመስላል፤ ነገር ግን በእህትና በወንድም መካከል የተደረገ የውርስ እርቅ «ዛሬ ነገ» እየተባለ ይህን ጊዜ ሲያልፍ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

በሌላ በኩል ባለመብቱ ራሱ ተሳስቶ በዚያው ጉዳይ አዲስ ክስ ቢያቀርብ፣ በቁጥር 5 እና በቁጥር 244(2)(ለ) መሠረት ቀድሞ የተወሰነ ጉዳይ ነው የሚል የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ይቀርብበታል። አዲስ ክስ ቦታ የሚኖረው ስምምነቱ ያልሸፈነው ጉዳት ሲኖር ነው። ቤቱን በወሩ ሊለቅ የተስማማ ሰው ስምንት ወር ቢቆይ፣ የማስለቀቁ ጥያቄ በአፈጻጸም ይታያል፤ በስምንቱ ወር የታጣው ኪራይ ግን ስምምነቱ ስለ እሱ ካልተናገረ በአፈጻጸም መዝገብ ላይ አይጠየቅም፣ ከእርቁ በኋላ የደረሰ ጉዳት ሆኖ በራሱ ክስ ይቀርባል። በክፍያ መዘግየት ምክንያት የሚታሰበው በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1751 እና 1803 የተመለከተው የ9 በመቶ ሕጋዊ ወለድም በጸደቀው ስምምነት ውስጥ ካልተጻፈ በዚህ ዓይነት ክስ መጠየቁ ይሻላል። በስምምነቱ ላይ ገደብ፣ ማለትም ግዴታውን ያልፈጸመ ወገን የሚከፍለው መቀጮ፣ ተጽፎ፣ መጠኑም በቁጥር ተገልጾ ከሆነ ግን ከዋናው ዕዳ ጋር አብሮ በአፈጻጸም አቤቱታው ውስጥ ይካተታል።

ገንዘቡ ተከፍሎ ወይም ግዴታው ተፈጽሞ ሲያልቅ ባለመብቱ ይህንኑ ለችሎቱ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ የአፈጻጸም መዝገቡ እንዲዘጋ፣ በባንክ ሒሳብ፣ በቤት ካርታና በሊብሬ ላይ የተሰጡት ዕግዶችም እንዲነሡ ትእዛዝ ይሰጣል። የዕግድ ማንሻው ደብዳቤ ለእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ለየብቻ ስለሚጻፍ፣ ዕግዱ ወደ የትኞቹ መሥሪያ ቤቶች ተልኮ እንደነበር ከመዝገቡ አውጥቶ አንድም ሳይቀር ማስጻፍ ያስፈልጋል።